ሰንጠረዥ በማን ሕግ? በአጋሮ ስለ ተዘጋጀ የጨዋታ ሕግ የቀረበ ሒስ

«ሰንጠረዥ» የሚለውን ቃል ዛሬ ለአንድ ተማሪ ብንነግረው በዓይኑ ፊት የሚመጣለት ቁጥር የተደረደረበት፣ በመስመር የተከፋፈለ ገጽ ነው። ጨዋታውንማ በአብዛኛው የሚያውቀው «ቼዝ» በሚለው በባዕድ ስሙ ነው። የቀድሞ መኳንንት ከእራት በኋላ ይጫወቱት የነበረው ጨዋታ ከአዳራሹ ወጥቶ ሲጠፋ የሰሌዳው መስመር ብቻ ለቋንቋችን ቀርቷል ለማለት ይቻላል።

ይህንን የማነሣው ስለ ቃል አመጣጥ ለመመራመር አይደለም። ባለፈው የቡና ለቀማ ወራት አጋሮ ተወልደን ያደግን ጥቂት ተማሪዎች ለአጭር ጊዜ ወደ ቤታችን በገባን ጊዜ፣ ሰንጠረዥን በአንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ እንደ ገና ለማስጀመር ሞክረን ነበር። ከሙከራውም በኋላ ከመካከላችን ሁለቱ ሕጉን በአራት ገጽ አስተካክለው ጻፉት። ወረቀቱ ተባዝቶ በጎማ ወረዳ ለሚገኙ ትምህርት ቤቶች እንዲታደል ታስቧል። ከመታደሉ በፊት ግን መምህራንና ጓደኞቼ እንዲፈርዱ ሒሴን በዚህ መጽሔት ባቀርብ ይሻላል ብዬ አሰብሁ። እኔም ከሞካሪዎቹ አንዱ ስለ ነበርሁ ሒሱ እኩሌታው የሚያርፈው በራሴ ላይ ነው።

አስቀድሜ ልናገር፤ ወረቀቱ ንጹሕ ሥራ ነው። አማርኛው ያማረ፣ ሥዕሉ የጠራ፣ አንቀጹም ሁሉ ቁጥር የተሰጠው ነው። ቅሬታዬ በሌላ በኩል ነው። ጸሐፊዎቹ ሕጉን ሲያስቀምጡ ሕጉን የወለደውን ክርክር ሁሉ ጠራርገው አውጥተውታል። እኔ እንደሚመስለኝ የጨዋታ ሕግ ከነክርክሩ ካልተጻፈ፣ ተቀባዩ እንደ ታዘዘ ይጫወትበት ይሆናል እንጂ ሊያርመውና ሊያሻሽለው አይችልም። ሰንጠረዥ ደግሞ በዚሁ መንገድ አንድ ጊዜ ተጎድቷል።

ስለ ሰንጠረዥ የምናውቀው ከሞላ ጎደል ከመንገደኞች መጽሐፍ የተገኘ ነው። እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ የትግሬው ገዥ ራስ ወልደ ሥላሴ ጨዋታውን እንዴት ይወዱት እንደ ነበር ያነሣል። ቆንስሉ ዋልተር ፕላውደን በ1860 ከተገደለ በኋላ በ1868 የታተመለት መጽሐፍ ስለ አጨዋወቱ ይናገራል። ሙሬይ የተባለው የቼዝ ታሪክ ጸሐፊ እነዚህን የመሳሰሉትን ሰብስቦ በ1913 ባወጣው ትልቅ መጽሐፍ ውስጥ ለኢትዮጵያ ቦታ ሰጥቷታል። ከዚያም ሪቻርድ ፓንክኸርስት በ1971 በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ የጨዋታውን ታሪክና ሥርዓት የሚመለከት ጽሑፍ አሳተመ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) እኛም ሙከራችንን የጀመርነው ከእነዚሁ ነው።

አንባቢ ጨዋታውን ላያውቀው ስለሚችል ባጭሩ ላስረዳ። ሰሌዳው ስምንት በስምንት ነው፤ ነገር ግን ጥቁርና ነጭ ቤት የለውም፤ ቀይ ጨርቅ ላይ መስመር ወጥቶበት ይሠራ ነበር። ጠጠሮቹ ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ናቸው። ፊልን ሳባ የሚሉም አሉ። የዛሬው ቼዝ ሰሌዳውን ከዳር እስከ ዳር የምታካልል ንግሥት አለችው፤ በሰንጠረዥ ግን በእርሷ ቦታ የቆመው ፈርዝ ከአጠገቡ ቤት አያልፍም። ፊል በማዕዘን አንድ ቤት ዘልሎ ያርፋል። መደቅ ሁልጊዜ አንድ አንድ ቤት ይራመድና ከመጨረሻው መስመር ሲደርስ ፈርዝ ይሆናል። ጨዋታው እንግዲህ ቀስ ያለ፣ ጠጠሮቹም አቅማቸው የተመጠነ ነው።

ሰንጠረዥን ከሌላው ሁሉ የሚለየው አጀማመሩ ነው። ይህም ወረራ ይባላል። በወረራ ጊዜ ተራ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱ ተጫዋቾች በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ በፈለገው ፍጥነት፣ ጠጠሩን እያራመደ ሰልፉን ያበጃል። ዓይኑ ግን ከባላጋራው እጅ አይነቀልም፤ ያኛው ፈረሱን ወደ ቀኝ ሲያወጣ ይኸኛው የጀመረውን ትቶ ደሩን ይመልሳል። አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንዲሁ ይቆያሉ፤ የመጀመሪያው ከተበላ በኋላ ጨዋታው በተራ ይሆናል።

ይህን ያነበበ ሰው ጥያቄ ሊመጣበት ይገባል። ሁለቱ እጆች በአንድ ቅጽበት ለመብላት ቢዘረጉ ማን ይቀድማል? አንደኛው እጀ ፈጣን ሆኖ ሌላው ሦስት ሲያራምድ እርሱ ዐሥር ቢያራምድ ይፈቀድለታልን? ሁለቱም ጥንቁቆች ሆነው ማንም ማንንም ሳይበላ እስከ እኩለ ሌሊት ቢቀመጡስ? እኛ የተማርንባቸው ጽሑፎች በእነዚህ ነገሮች ላይ የሚሰጡት መልስ ለተጫዋች አይበቃም።

ጸሐፊዎቹ ቸልተኞች ስለ ነበሩ አይመስለኝም። መልሱ በሕጉ ውስጥ ሳይሆን በሰሌዳው ዙሪያ በተቀመጡት ሰዎች አፍ ውስጥ ስለ ነበረ ነው። መንገደኞቹ ራሳቸው እየተገረሙ የሚነግሩን አንድ ነገር አለ፤ ሰንጠረዥ በጸጥታ የሚካሄድ ጨዋታ አልነበረም፤ ተመልካቹ ሁሉ፣ አሽከሩ ሳይቀር፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ ይመክር ነበር። አውሮፓዊው እንግዳ ይህን እንደ ሁካታ ቆጥሮ አለፈው። እኔ ግን የጨዋታው ዳኛም ሕግ አውጪም ያ ሁካታ ነበር እላለሁ። ጌታውና እንግዳው ሲጫወቱ አሽከሩ ሊናገር የሚችልበት ቦታ በዚያ ዘመን ስንት ነበር?

ለዚህ አስተያየቴ ሌላ ምስክር አለኝ። በሰንጠረዥ ሥርዓት ንጉሥን በደር ወይም በፈረስ የገደለ ሰው አሸናፊ ነው እንጂ አይደነቅም፤ በፊል ወይም በፈርዝ የገደለ ይመሰገናል፤ በመደቅ የገደለማ ከሁሉ ይበልጣል። ይህ ነጥብ የለውም፣ በጽሑፍም አይመዘገብም። ምስጋናውን የሚሰጥ ታዲያ ማን ነው? እንደዚሁም አንደኛው ወገን ከንጉሡ ሌላ (መደቅ ሳይቆጠር) አንድ ጠጠር ብቻ ሲቀርለት፣ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ከመራመዱ በፊት ንጉሡ ካልሞተ ጨዋታው አቻ ይሆናል። ያን ሰባት ጮኾ የሚቆጥር ሰው ያስፈልጋል። ተጫዋቾቹ ራሳቸው ቢቆጥሩ አንዱ ስድስት ሌላው ስምንት እንደሚል ገበያ የዋለ ሁሉ ያውቃል። ሰንጠረዥ ባለ ሁለት ሰው ጨዋታ ተብሎ ቢጻፍም ሕጉ ሦስተኛ ወገን ያስፈልገዋል።

ይህ ነገር ለአጋሮ ሰው እንግዳ አይደለም። መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ገበጣ የተጫወተ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል። በለቀማ ወራት ከዳውሮ፣ ከከፋና ከሌላም አገር ለሥራ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። ማታ ጀንፈሉ ከተሰበሰበ በኋላ ጥቂቱ ፍሬ ለጠጠር ይወሰድና ጨዋታ ሊጀመር ሲል መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «በማን አገር ሕግ?» የሚል ነው። አንዱ በየጉድጓዱ ይህን ያህል ይገባል ይላል፤ ሌላው የለም፣ በእኛ ዘንድ በዚህ በኩል ነው የሚዞረው ይላል። ክርክሩ አንዳንድ ጊዜ ከጨዋታው ይረዝማል። በመጨረሻ የሚጫወቱት የዚህም የዚያም ያልሆነ፣ ለዚያ ምሽት የተስማሙበት ገበጣ ነው፤ ከጥቂት ቀናት በኋላም አዲሱ ሕግ ከሠራተኛው ጋር ወደ ሌላ ቀበሌ ሲሄድ ይታያል።

ፓንክኸርስት በዚያው በ1971 ስለ ገበጣና ስለ ዘመዶቹ ባሳተመው ሌላ ሰፊ ጥናት ላይ ይህን በደንብ አይቶታል። እውነተኛው ገበጣ የትኛው ነው ብሎ ሳይጨነቅ የየአገሩን አጨዋወት ለየብቻው መዝግቧል፤ ባለ ሁለት ረድፉን፣ ባለ ሦስት ረድፉን፣ ባለ አራት ረድፉን። ባለ ሦስት ረድፉ ሰሌዳ ደግሞ ከእኛ አካባቢ ውጭ እምብዛም አይገኝም። ሰንጠረዥን ግን እንዲህ አገር ለአገር እየዞሩ ለመልቀም ጊዜው አልፎ ነበር። ገበጣ መሬትና ጠጠር ካገኘ ይበቃዋል። ሰንጠረዥ ጨርቁ፣ የተቀረጸው የዝሆን ጥርስ፣ አዳራሹና ባለ አዳራሹ አብረውት የኖሩ ስለ ነበሩ አብረውት ሄዱ። ከነክርክራቸው ያልተመዘገቡት ሕጎቹም ዛሬ የሚጠየቅላቸው ሰው የለም።

አሁን ወደ ሻይ ቤቱ በረንዳ ልመለስ። ሰሌዳውን የሠራነው በካርቶን ላይ ነው። ጠጠሮቹ ሁሉ ቆርኪ ነበሩ፤ ዳማ የሚጫወት ሰው ቆርኪ ስለማያጣ ከእርሱ ተበድረን፣ በላያቸው ላይ በቀለም የስማቸውን መጀመሪያ ፊደል ጻፍንባቸው። (ፈርዝ፣ ፊልና ፈረስ ሦስቱም በ«ፈ» ዘር ስለሚጀምሩ መጀመሪያውን ቀን ብዙ ስሕተት ተሠርቷል፤ ይህ የእኛ ሞኝነት ነው።) የመጀመሪያውን ጨዋታ ከመካከላችን አንዱ ከአንድ ባጃጅ ነጂ ጋር ገጠመ። ነጂው ወረራ ማለት ምን እንደ ሆነ በተነገረው ጊዜ ፈገግ አለ። ጓደኛችን ገና ሁለት መደቅ ሳያንቀሳቅስ የነጂው ፈረሶችና ደሮች ወንዙን ተሻግረው ቆመው ነበር።

ወዲያው በረንዳው በሁለት ተከፈለ። ዳማቸውን ትተው የተጠጉ አንድ ሽማግሌ፣ «ልጆቼ፣ ወረራ ካላችሁት ወረራ ነው፤ የፈጠነ ይቀድማል እንጂ ምን ሊሆን ኖሯል?» አሉ። አንድ ወጣት የቡና ደላላ ደግሞ፣ «አባባ፣ እንዲህማ ከሆነ ሻይ ይዞ የተቀመጠ ሰው አይጫወት ማለትዎ ነው» ሲል መለሰላቸው። እጅ ለእጅ ይሁን ያለ ነበር፤ ነገር ግን እጅ ለእጅ ከሆነ ተራ ነውና ወረራው ቀረ ተብሎ ወደቀ። በመጨረሻ ነገሩን የፈታችው ቡና የምታፈላው ሴት ናት። «አቦሉን መቅዳት ስጀምር ውረሩ፤ የመጨረሻው ሲኒ ለባለቤቱ ሲደርስ አቁሙ፤ ከዚያ በተራ» አለች። ሁሉም ሳቀና ተስማማ። ሁለት ምሽት በዚህ ሕግ ተጫወትን፤ እንደ እኔ አስተያየት ከሙከራው ሁሉ ያማረው ያ ሁለት ምሽት ነበር። ተጫዋቹ አንድ ዓይኑን በሰሌዳው ሌላውን በጀበናው ላይ አድርጎ ሲዋከብ ማየት በእውነት ደስ ያሰኝ ነበር።

ሕጉ የፈረሰው በሦስተኛው ምሽት ነው። የዚያን ዕለት ከተጫዋቾቹ አንዱ የቡና አፍሊዋ ወንድም ነበር። እርሱ ሰልፉን ገና ሳይጨርስ ሲኒው እንደ ወትሮው አልተቀዳም። ደላላው ይህን አይቶ፣ «እትዬ፣ ለወንድምዎ ብለው ነው እንዲህ ቀስ የሚሉት!» ብሎ ጮኸ። ሳቁ ብዙ ነበር፤ ጠቡም ጥቂት አልነበረም። ደግሞም እንግዳ ሲበዛ ወረራው ይረዝማል፣ እንግዳ ሲያንስ ያጥራል የሚል ሌላ አቤቱታ ተጨመረ። ስለዚህ ሰዉ ሲኒውን ትቶ፣ ለእያንዳንዱ ወገን ዐሥራ ሁለት ርምጃ እንዲሰጥና ከተመልካቹ ሁለት ሰው ጮኾ እንዲቆጥር ተስማማ። ለምን ዐሥራ ሁለት ሆነ ቢባል፣ ስምንት ተሞክሮ ፊልና ፈረስ ሳይወጡ አለቀ፤ ሃያ ተሞክሮ ቆጣሪው ጠፋበት።

በአራት ገጹ ወረቀት ላይ ግን አንቀጽ ሦስት የሚለው ይህን ብቻ ነው፦ በወረራ ጊዜ እያንዳንዱ ተጫዋች ዐሥራ ሁለት ርምጃ ይራመዳል። አልቀነስሁም፣ አልጨመርሁም። ሲኒው የለም፤ ወንድምየው የለም፤ ስምንቱና ሃያው የሉም፤ ጮኾ የሚቆጥረው ተመልካች እንኳ የለም። ይህ ወረቀት በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ለሁለት ልጆች ቢደርሳቸው ምን ያደርጋሉ? ቆጣሪ ስለሌላቸው አንድ አንተ አንድ እኔ እያሉ ዐሥራ ሁለቱን በተራ ይራመዱታል። በዚያችው ሰዓት ወረራ ይጠፋል። ሕጉን ግን በቃሉ አልጣሱም! ሊያርሙት ቢፈልጉም ሕጉ ስለ ምን እንደ ወጣ ስለማያውቁ የሚይዙት ጫፍ የላቸውም።

የባሰው ደግሞ ወድቆ የቀረው ሕግ ነው። ከተመልካቾቹ አንዱ፣ መደቅ ከመጨረሻው መስመር ሲደርስ ፈርዝ ብቻ ከሚሆን ከተበሉት ጠጠሮች ተጫዋቹ የወደደውን ያስነሣ የሚል ሐሳብ አቀረበ። ሐሳቡ ለሁላችንም አማረን፤ እኔም ከደጋፊዎቹ አንዱ ነበርሁ። ውጤቱ ግን ሰው ሁሉ ሌላውን ሥራ ትቶ መደቅ መግፋት ብቻ ሆነ፤ የሞተው ደር ተመልሶ ይመጣል፣ እንደ ገና ይሞታል፤ አንድ ጨዋታ ሻይ ቤቱ እስኪዘጋ ድረስ ሳያልቅ ቀረ። በማግስቱ ተጣለ። ወረቀቱ ስለዚህ አንድም ቃል የለውም። እንግዲህ ነገ በጌራ ወይም በሊሙ የሚኖር አንድ ብልህ ልጅ ይህንኑ ሐሳብ እንደ አዲስ አግኝቶ፣ እኛ የወደቅንበት ጉድጓድ ውስጥ እርሱም አንድ ምሽት ያጠፋል።

የወረራን ዋጋ ለመገመት ወደ ውጭው ዓለም መመልከት ይጠቅማል። የዛሬው ቼዝ ካሉበት ሕመሞች አንዱ ትልልቅ ተጫዋቾች መክፈቻውን ሁሉ በቃላቸው መያዛቸው ነው፤ ጨዋታው የሚጀመረው ሃያ ርምጃ ካለፈ በኋላ ነው እስኪባል ደርሷል። የዓለም ሻምፒዮን የነበረው ቦቢ ፊሸር ለዚህ መድኃኒት ይሆናል ያለውን አዲስ አጨዋወት በ1996 በቦነስ አይረስ አስታወቀ። በእርሱ ሕግ የኋለኛው ረድፍ ጠጠሮች በዕጣ ይደረደራሉ፤ ሊሆኑ የሚችሉት አደራደሮችም 960 ናቸው። በ2019 ዓለም አቀፉ የቼዝ ፌዴሬሽን በዕውቅና ያካሄደው የዓለም ሻምፒዮና ተደረገለት። ወረራም ይህንኑ ሕመም በሌላ መንገድ ያክመዋል። ፊሸር ሰልፉን ለዕጣ ሰጠው፤ ሰንጠረዥ ግን ለተጫዋቹ ዓይንና ለባላጋራው እጅ ተወው። ባላጋራህ ምን እንደሚያደርግ እያየህ በዚያው ቅጽበት የምታበጀውን ሰልፍ በቃል ለመያዝ አይቻልም። ይህን ስናገር የአባቶቻችን ነገር ሁሉ ይበልጣል ለማለት አይደለም፤ ፈርዝን የመሰለ ደካማ ጠጠር ያለበት ጨዋታ አሰልቺ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ በረንዳው ላይ አይቼዋለሁ።

በ2020 ደግሞ ሌላው የቀድሞ ሻምፒዮን ቭላድሚር ክራምኒክ ከዲፕማይንድ ተመራማሪዎች ጋር ሆኖ ዘጠኝ የሕግ ለውጦችን አልፋዜሮ በተባለው የኮምፒዩተር ፕሮግራም መርምሯል። ከዘጠኙ አንዱ ወታደሩ እንደ እኛ መደቅ ሁልጊዜ አንድ ቤት ብቻ እንዲራመድ የሚያደርግ ነው። መሣሪያው ከራሱ ጋር እየተጫወተ አንድ ሕግ ለነጭ ያደላ እንደ ሆነ፣ አቻ ያበዛ እንደ ሆነ ይናገራል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ እኛ በሦስት ምሽት ያወቅነውን ዐሥራ ሁለት እርሱ ሳይደክም ያወጣው ይሆናል። ሆኖም ቡና አፍሊዋ ለወንድሟ ታደላለች ብሎ የሚጮኽ ደላላ በዚያ ውስጥ የለም። አንድ ሕግ ሚዛኑን የጠበቀ መሆኑና ሰዎች ሊስማሙበት የሚችሉ መሆኑ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ጓደኞቼ ለዚህ ሒስ የሰጡትን መልስ መደበቅ አይገባኝም፤ ጥሩ መልስ ነውና። አንደኛው «ተማሪ ክርክር አያነብም፤ ሕግ ስጠው፣ ይጫወታል» አለኝ። ሌላው ስለ ወረቀት ዋጋ አነሣ፤ አራቱ ገጽ ዐሥር ቢሆን ማን ይከፍላል? ከሁሉ የከበደብኝ ግን ሦስተኛው ነበር። በሙከራው መጨረሻ ላይ በበረንዳው ሦስት ካርቶን ተዘርግቶ ነበር፤ በሦስቱም ላይ የሚሠራው ሕግ የተለያየ ነበር። ከጅማ የመጣ አንድ እንግዳ ልጫወት ብሎ ከአንዱ ሲማር ሌላው ስሕተት ነው እያለው፣ ተሰላችቶ ሻዩን ጠጥቶ ሄደ። «ያንተ ሁካታ ያመጣው ይህን ነው» አለኝ ጓደኛዬ። ልክ ነው። ዴቪድ ፕሪቻርድ የተባለው እንግሊዛዊ በ1994 ያሳተመው የቼዝ ዓይነቶች መዝገብ ከሺህ በላይ የሚሆኑ አጨዋወቶችን ይዟል፤ መዝገቡን የሚያገላብጥ ሰው ከእነዚህ ውስጥ ስንቶቹ ከፈጣሪያቸው ሌላ ተጫዋች አግኝተው ይሆን ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሁሉም ሕግ አውጪ ከሆነ የሚጫወት አይገኝም።

ስለዚህ የጋራ መነሻ የሚሆን አንድ ሕግ መጻፉን አልቃወምም። የምቃወመው ያ ሕግ ከሰማይ የወረደ መስሎ መጻፉን ነው። በ1950ዎቹ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የኢትኖሎጂ ማኅበር አባላት የሆኑ ተማሪዎች ስለ የትውልድ አገራቸው ልማድ እየጻፉ በማኅበሩ መጽሔት ያወጡ ነበር። ከእነርሱ ልንማር የምንችለው አንድ ነገር የሰሙትን ከሰሙበት ቦታ ጋር ማስቀመጥን ነው። እኛም በእያንዳንዱ አንቀጽ ሥር ሁለት ሦስት መስመር ጨምረን፣ ሕጉ የት ቦታ፣ በምን ጠብ ምክንያት እንደ ወጣ፣ ከእርሱ በፊት ምን ተሞክሮ እንደ ወደቀ ብንጽፍ ወረቀቱ ከስድስት ገጽ አይበልጥም። ሥዕሎቹን ትንሽ ብናሳንሳቸው አምስትም ይበቃናል። ከዚያም ከገጹ እኩሌታውን ባዶ ትተን፣ በየትምህርት ቤቱ የሚጫወቱት ልጆች የራሳቸውን ጠብ እንዲጽፉበትና በሚቀጥለው ዓመት እንዲመልሱልን እንጠይቃቸው። የጅማው እንግዳ እንኳ ሦስቱ ሕጎች ከነምክንያታቸው ተጽፈው ቢያገኝ ኖሮ፣ ከመካከላቸው አንዱን መርጦ ይቀመጥ ነበር ብዬ እገምታለሁ።

አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ሁለት እጆች በአንድ ቅጽበት ቢዘረጉ ማን ይቀድማል ብዬ ከላይ የጠየቅሁት ጥያቄ በበረንዳው ላይ በእውነት ደርሶብን ነበር። ሽማግሌው፣ መጀመሪያ የነካ ሳይሆን መጀመሪያ ያነሣ ይብላ አሉ። ባጃጅ ነጂው ደግሞ፣ እንዲያማ ከሆነ ሁልጊዜ የምበላው እኔ ነኝ፤ ይልቅስ ሁለቱም ጠጠሮች ይሙቱና ወረራው በዚያው ይብቃ አለ። ሁለቱም አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ስለ ተሞከሩ የትኛው እንደሚሻል ለመናገር አልችልም። ወረቀቱ በአንቀጽ አራት የሽማግሌውን ፍርድ ብቻ ይዟል። የነጂውም ቃል ከሥሩ እንዲገባ ጓደኞቼን ጠይቄአለሁ፤ መልሳቸውን እየጠበቅሁ ነው።